የሌሊት ወፍን የማወቂያ ምሽት
በአምደወርቅና በአካባቢው ለሚገኙ ገበሬዎች፣ መምህራንና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

ፀሐይ ጠልቃ ከብቶች ወደ በረት፣ ዶሮዎችም ወደ ቆጥ ከገቡ በኋላ የገበሬው ማሳ ያለ ጠባቂ የቀረ ይመስላል። ቀን ትል ሲለቅሙ የዋሉት ወፎች አርፈዋል። ይሁን እንጂ ማሽላንና በቆሎን የሚያጠፉት የብዙዎቹ ትሎች እናት የሆነችው የእሳት እራት በረራዋን የምትጀምረውና ዕንቁላሏን የምትጥለው በሌሊት ነው። በዚሁ ሰዓትም ከገደል ንቃቃት፣ ከዋሻ፣ ከቤት ክዳንና ከዛፍ የምትወጣ አዳኝ አለች፤ እርሷም የሌሊት ወፍ ናት።

የሌሊት ወፍ በሕዝባችን ዘንድ የታወቀች ናት፤ ስሟ ግን የሚነሳው ብዙ ጊዜ በበጎ አይደለም። በተረት ወፎች ግብር ሲጠይቋት «ጥርስ አለኝና አይጥ ነኝ»፣ አይጦች ሲጠይቋት ደግሞ «ክንፍ አለኝና ወፍ ነኝ» እያለች ከሁለቱም የምታመልጥ ተብላ ትነገራለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከተረቱ የከበደ ነገር ተሰምቷል። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተረጋግጦ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በሽታው በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ቢታወጅም የቫይረሱ የተፈጥሮ መኖሪያ አንድ የሌሊት ወፍ ዓይነት መሆኑ በሰፊው ተነግሯል። ይህን የሰማ ገበሬ «ታዲያ ዋሻውን በጢስ አፍነን ብንጨርሳቸውስ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትና መልሱን ሕዝቡ በገዛ ዓይኑ አይቶ የሚረዳበትን አንድ ቀላል ዘዴ ማስረዳት ነው። ዘዴውም የሌሊት ወፍን የማወቂያ ምሽት ነው፤ ይኸውም ሰዎች በማታ ተሰብስበው የሌሊት ወፎች ከመኖሪያቸው ሲወጡ ከሩቅ የሚመለከቱበት፣ የሚቆጥሩበትና የሚወያዩበት ጊዜ ነው። ምክራችንን በአጭሩ ለመግለጽ፦ ከሩቅ እንያቸው፣ አንንካቸው፣ አንግደላቸው። ለሰብል የሚበጀውና ለጤና የሚበጀው አንድ ዓይነት ጥንቃቄ መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

1. የሌሊት ወፍ ምን ዓይነት እንስሳ ናት?

የሌሊት ወፍ ወፍም አይጥም አይደለችም። ልጇን ወልዳ ጡት የምታጠባ፣ ጠጉር ያላትና በእርግጥ መብረር የምትችል ብቸኛዋ አጥቢ እንስሳ ናት። ክንፏ ላባ የለውም፤ በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተዘረጋ ስስ ቆዳ ነው። በዓለም ላይ ከ1,400 የሚበልጡ፣ በአገራችን ደግሞ ከ70 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኛሉ። ላርገን፣ ኮክና ያልደን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የሚገኙትን የሌሊት ወፎች ዝርዝር በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ዓይነቶች ተጨምረዋል።

ለገበሬው ሥራ ሲባል በሁለት ወገን መክፈል ይበቃል።

ሀ. ነፍሳት በሎች፦ አብዛኞቹ ትናንሾች ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ፣ ጆሯቸው ግን ትልቅ ነው። በገደል ንቃቃት፣ በዋሻ፣ በዛፍ ቀዳዳና በቤት ክዳን ውስጥ ይውላሉ።

ለ. ፍራፍሬ በሎች፦ ከነፍሳት በሎቹ የሚበዙት ሲታዩ ተለቅ ያሉ ናቸው። ፊታቸው የውሻ ፊት ይመስላል፤ ዓይናቸውም ትልቅ ነው። ሾላ፣ ዋርካና የመሳሰሉትን ዛፎች ፍሬ ይበላሉ። ፍሬውን ይዘው ራቅ ወዳለ ቦታ ስለሚበሩና ዘሩን በየመንገዱ ስለሚጥሉ በተራቆተ መሬት ላይ ዛፍ እንዲበቅል ይረዳሉ። የማርበርግ ቫይረስ የተፈጥሮ መኖሪያ መሆኑ የተረጋገጠው ከዚህኛው ወገን አንዱ ሲሆን፣ የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ይባላል። በዋሻዎች ውስጥ በብዛት ተሰብስቦ የሚኖር ሲሆን በኢትዮጵያም ይገኛል።

ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ግልገል ብቻ ነው። አይጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ስለምትወልድ ብትገደልም ቶሎ ትተካለች፤ የሌሊት ወፍ ግን ከዋሻዋ አንድ ጊዜ ከጠፋች ቁጥሯ እንደገና እስኪሞላ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

2. በጨለማ እንዴት ታድናለች?

በገደል ፊት ለፊት ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ይሰማል፤ ይህም የገደል ማሚቶ ነው። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ ይመለሳል። ነፍሳት በል የሆነችው የሌሊት ወፍም የምትጠቀመው በዚሁ ነው። እየበረረች ረቂቅ ድምፅ ታሰማለች፤ ድምፁም ከእሳት እራቷ ክንፍ ነጥሮ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ የእራቷን ርቀትና አቅጣጫ ትለያለች። ድምፁ ለሰው ጆሮ እጅግ ቀጭን በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እኛ አንሰማውም።

ይህ ነገር ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። ስፓላንዛኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ1793 እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ፣ ማየት የተሳናት የሌሊት ወፍ ምንም ሳትጋጭ እንደምትበር ተመለከተ። ብዙ ሳይቆይም ዡሪን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ጆሮዋ ሲደፈን አቅጣጫ እንደሚጠፋባት አሳየ። የድምፁ ምንነት የታወቀው ግን በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ግሪፊን ከፊዚክስ ሊቁ ፒርስ ጋር ሆኖ በመሣሪያ ቀርጾ አረጋገጠው። የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም፤ ሁሉም ዓይን አላቸው፤ ፍራፍሬ በሎቹም በጣም አጥርተው ያያሉ።

3. ለገበሬው ምን ትጠቅማለች?

በማሽላና በበቆሎ አገዳ ውስጥ ገብቶ የሚበላው አገዳ ቆርቁር፣ ድንገት ፈልቶ ሰብልና ግጦሽ የሚያወድመው ተምች፣ ሽምብራን የሚያጠቃው ጓይ ትል፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም ሁሉም የእሳት እራት ልጆች ናቸው። አገዳ ቆርቁር አንድ ጊዜ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም። የመጤ ተምች እናት በዕድሜዋ 1,000 እና ከዚያም በላይ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዕንቁላሏን ሳትጥል የተበላች አንዲት እራት እንግዲህ ብዙ መቶ ትሎችን ይዛ ጠፋች ማለት ነው።

ነፍሳት በል የሌሊት ወፍ በአንድ ሌሊት የክብደቷን ግማሽ ያህል ነፍሳት ልትበላ ትችላለች። ይህን በገበሬው መስፈሪያ እናስላው። አንዲት 10 ግራም የምትመዝን የሌሊት ወፍ በሌሊት 5 ግራም ብትበላ፣ አንድ ሺህ የሌሊት ወፎች በአንድ ሌሊት 5 ኪሎ፣ በ100 ሌሊት ደግሞ 500 ኪሎ፣ ማለትም 5 ኩንታል ነፍሳት ይበላሉ። ከዚህ ውስጥ ሁሉም የሰብል ጠላት ነው አንልም፤ ነገር ግን የእሳት እራቶች ከሚታደኑት መካከል ዋነኞቹ ናቸው። በማዳጋስካር በሩዝ እርሻዎች፣ በደቡብ አፍሪካም በማከዳሚያ ተክሎች አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች የሌሊት ወፎች የሰብል ተባዮችን እንደሚበሉ ከኩሳቸው ምርመራ አረጋግጠዋል።

ጥቅማቸው ይበልጥ የታወቀው በጠፉበት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጭ አፍንጫ የተባለ የሻጋታ በሽታ እጅግ ብዙ የሌሊት ወፎችን ፈጅቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሽታው በገባባቸው አውራጃዎች ገበሬዎች የሚረጩት ፀረ ተባይ መድኃኒት በ31 በመቶ ገደማ ጨምሯል። በነጻ ይሠራ የነበረውን ሥራ ገበሬው በገንዘቡ ገዝቶ መሥራት ግድ ሆኖበታል ማለት ነው። መድኃኒት ለመግዛት አቅሙ ውስን በሆነው በዋግ ኽምራ ገበሬ ላይ ይህ ቢደርስ ጉዳቱ የባሰ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሆኖም የሌሊት ወፍ ብቻዋን ተባይን አታጠፋም። በወቅቱ መዝራት፣ ማረም፣ ማሳን ዘወትር መቃኘት፣ ከአጨዳ በኋላም አገዳውን መሬት ላይ አጋድሞ ለፀሐይ ማጋለጥ አሁንም የግድ አስፈላጊ ናቸው። የሌሊት ወፍ የእነዚህ ሥራዎች ረዳት ናት።

4. ስለ ጤና ሊታወቅ የሚገባው

ጥቅሟን የነገርነውን ያህል አደጋውንም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የማርበርግ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመንና በዩጎዝላቪያ ነው። ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው የሚተላለፈው በተለይ ፍራፍሬ በሎቹ በሚኖሩበት ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በሚቆዩ ሰዎች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በታመመው ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል። በማታ ከሩቅ ሆኖ ሲበሩ መመልከት ወደ ዋሻው እንደመግባት አይደለም።

መግደልስ አይሻልም ወይ? በዩጋንዳ የሆነውን እንመልከት። ኪታካ በተባለው የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች በ2007 እ.ኤ.አ. በማርበርግ ከታመሙ በኋላ በውስጡ የነበሩት የሌሊት ወፎች እንዲጠፉ ተደረገ። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን በዚያው አካባቢ በሽታው እንደገና ተነሳ። ተመራማሪዎች ወደ ጉድጓዱ ተመልሰው የገቡትን የሌሊት ወፎች ሲመረምሩ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው 13.3 በመቶ ሆኑ፤ ከግድያው በፊት ግን 5.1 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀድሞዎቹ ሲጠፉ በሽታውን ያልለመዱ አዳዲሶች ቦታውን ስለያዙ በሽታው በመካከላቸው በረታ ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ የገደለ ሰው አደጋውን አልቀነሰም፤ ይልቁንም በግድያው ጊዜ ደማቸውን እየነካ ራሱን ለአደጋ አጋለጠ።

ስለሆነም የሚከተሉት ጥንቃቄዎች መጠበቅ አለባቸው።

ሀ. የሌሊት ወፎች ወደሚኖሩበት ዋሻ አለመግባት፤ እረኞችና ልጆችም እንዳይገቡ መምከር።

ለ. በሕይወት ያለችውንም የሞተችውንም በእጅ አለመንካት።

ሐ. የሌሊት ወፍ የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም የሌሊት ወፍ ንክሻም በቸልታ አይታለፍም።

መ. የተበላ ወይም የተቧጨረ ፍሬ አለመብላት፤ ሌላውንም አጥቦ መብላት፤ የመጠጥ ውኃንና ምግብን መክደን።

ሠ. ኩሳቸው ጥሩ ማዳበሪያ ቢሆንም ከዋሻ ገብቶ አለመዛቅ፤ ብናኙ ሳንባን የሚያሳምም ሻጋታ ሊኖርበት ይችላልና።

የሌሊት ወፍ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ወገን ተቆጥራለች። ሕዝባችን የሌሊት ወፍ ያለመብላት ልማዱን ጠብቆ መኖሩ ለጤናውም እንደጠቀመው ሽማግሌዎች በምሽቱ ቢያስረዱ መልካም ነው።

5. ምሽቱ እንዴት ይዘጋጃል?

በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሌሊት ወፍ ሌሊት የሚባል ዝግጅት ይደረጋል። በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ በአንድ ድልድይ ሥር የሚውሉት የሌሊት ወፎች ሲወጡ ለማየት በየምሽቱ ብዙ ሰው ይሰበሰባል። በአምደወርቅ ለሚደረገው ምሽት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት አንድ ነጭ አቡጀዲ፣ አንድ መብራት፣ ጥቂት ባቄላ፣ አንድ ደብተርና የቁልፍ መዓት ብቻ ናቸው።

ሀ. አስተባባሪዎች፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ተባዩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ጥንቃቄው፣ የሳይንስ መምህር ስለ እንስሳዋ እንዲያስረዱ ቀደም ብሎ ሥራ ይከፋፈላል። ገለጻው በአማርኛና በኽምጣንጋ ቢሰጥ ሁሉም ይሰማዋል።

ለ. ቦታ፦ የሌሊት ወፎች ሲወጡ ከታዩበት ገደል ወይም ንቃቃት ቢያንስ 50 እርምጃ የራቀ፣ ሰማዩ በደንብ የሚታይበት ሜዳ ይመረጣል። በዋሻ አፍ፣ ከሚያድሩበት ዛፍ ሥር ወይም በሚወጡበት መስመር ላይ መቆም ክልክል ነው። ቦታው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ከሆነ አስቀድሞ ከአስተዳዳሪውና ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሐ. ወቅት፦ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ሰብሉም ገና በማሳ ላይ ያለበት የመስከረምና የጥቅምት ወር ይመረጣል። ብርቱ ነፋስ ወይም ዝናብ ካለ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። ጨረቃ ዘግይታ የምትወጣበት ምሽት ይሻላል፤ በደማቅ ጨረቃ ብዙ የሌሊት ወፎች ጎላ ብለው መታየት አይወዱምና።

መ. ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት፦ ሰዉ ተሰብስቦ አጭር ገለጻ ይሰጠዋል። በቅድሚያ የሚነገረው ስለ ጥንቃቄው ነው። ልጆች ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር ብቻ ይመጣሉ።

ሠ. ከ12 ሰዓት በኋላ፦ ሁሉም ጸጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይመለከታል። ሁለት ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ አሥር የሌሊት ወፎች በወጡ ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ጣሳ ይጥላሉ። በመጨረሻ ባቄላው ተቆጥሮ በአሥር ይባዛል፤ የሁለቱ ውጤትም ይነጻጸራል። የመጀመሪያዋ የወጣችበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታና ቁጥሩ በደብተር ይመዘገባል። የእጅ ባትሪ ወደ መኖሪያቸው ማብራት፣ ድንጋይ መወርወርና መጮህ አይፈቀድም።

ረ. የአቡጀዲው ትምህርት፦ መጨለም ሲጀምር ከማሳው ዳር፣ ከመኖሪያቸውም ራቅ ብሎ አቡጀዲው በሁለት እንጨት ላይ ተወጥሮ መብራት ይበራበታል። ብዙም ሳይቆይ የእሳት እራቶች ይሰበሰባሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቀን ከማሳው ያመጣውን ትል በጠርሙስ አድርጎ ያሳያል፤ ትሉና የእሳት እራቷ ልጅና እናት መሆናቸውን ብዙ ሰው በትክክል የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎም ቁልፎቹን በእራቶቹ አጠገብ ያንቀጨቅጫል። ቁልፍ ሲንቀጨቀጭ ሰው የማይሰማው ረቂቅ ድምፅም ስለሚያወጣ፣ ጆሮ ያላቸው እራቶች የሌሊት ወፍ የመጣች መስሏቸው ዱብ ዱብ ሲሉ ወይም አቅጣጫ ሲለውጡ ሊታዩ ይችላሉ። ትምህርቱ እንዳለቀ መብራቱ ይጠፋል፤ ሰዉም በቡድን በቡድን ሆኖ ወደየቤቱ ይመለሳል።

6. በምሽቱ ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

ደም ትመጣለች ወይ? በዓለም ላይ ደም የሚጠጡት ሦስት ዓይነቶች ብቻ ሲሆኑ የሚኖሩትም በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው። በአገራችን የሉም።

በአፏ ትጸዳዳለች የሚባለው እውነት ነው? አይደለም። ፍራፍሬ በሎቹ ጭማቂውን መጥጠው ገለባውን ከአፋቸው ስለሚተፉ እንዲህ ሊመስል ይችላል።

ንቦቻችንን አትጨርስም ወይ? ንብ በቀን፣ የሌሊት ወፍ በሌሊት ስለሚሠሩ በሥራ ላይ አይገናኙም። ይልቁንም በቀፎ ገብታ ትሏ ሰም የሚበላባት የእሳት እራት በሌሊት የምትበር ናት። ይህች እራት ከሚታወቁት እንስሳት ሁሉ የረቀቀውን ድምፅ መስማት ትችላለች፤ ይህንንም ጆሮ ያወጣችው ከሌሊት ወፍ ለማምለጥ እንደሆነ ይታመናል። በማሩ ለታወቀው ለዋግ ገበሬ ይህን ማወቅ ደግ ነው።

ከቤቴ ክዳን ውስጥ ገብተው ቢያስቸግሩኝስ? በጢስና በእሳት ማፈን አይገባም። የሚወጡበት ቀዳዳ በማታ ከውጭ ሆኖ ይታወቅ፤ ሁሉም ወጥተው ሲያበቁ በጭቃ ወይም በጨርቅ ይደፈን። ግልገሎች በውስጥ ካሉ ግን በረኃብ ሞተው ይሸታሉና አድገው መብረር እስኪጀምሩ መቆየት ይሻላል። ሥራው የሚሠራው በእጅ ሳይነኩ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው።

7. ከምሽቱ በኋላ

አንድ ምሽት ብቻውን በቂ አይደለም። በየወሩ አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ቢቆጠርና ደብተሩ በትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢው ሕዝብ የሌሊት ወፎቹ መብዛትና ማነሳቸውን ከራሱ መዝገብ ያውቃል። ቁጥሩ በድንገት ቢቀንስ ወይም ብዙ ሞተው ቢገኙ፣ ማንም ሳይነካቸው ለግብርና ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ያረጁ ሾላዎችና ዋርካዎችም እንዳይቆረጡ መጠበቅ የዚሁ ሥራ ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

የሌሊት ወፍ የገበሬው ጠላት አይደለችም፤ እንደ ቤት እንስሳም የምትለመድ አይደለችም። የምትፈልገው በመኖሪያዋ አለመነካትን ነው። ይህን የተወላት ገበሬ በአንድ በኩል ማሳውን በሌሊት የሚጠብቅለት ረዳት ያገኛል፤ በሌላ በኩልም ራሱንና ቤተሰቡን ከበሽታ ይጠብቃል። ይህን በወረቀት አንብቦ ከመቀበል ይልቅ ከገደሉ ማዶ ተቀምጦ፣ ባቄላውን እየቆጠረ በዓይኑ ያየ ሰው የበለጠ እንደሚያምነው እርግጠኞች ነን። ምሽቱን ለማዘጋጀት የሚፈልጉ ሁሉ በቀበሌያቸው የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቅድሚያ እንዲያነጋግሩ እናሳስባለን።